ዘጠናውን ሰባ አምስት ያደረግኩበት ቅዳሜ

የሥጋ ዘመዴን የበደልኩት በርስት ቢሆን፣ በሴት ቢሆን ሰው ይረዳኝ ነበር። እኔ ግን የበደልኩት በጌም ነው። ያውም ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጢም አውጥቼ።

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የአክስቴ ልጅ በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ከእናቴ ጋር በምኖርበት አፓርትማ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል መኖር ከጀመረ አራት ወሩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርት አጠገብ መኪና ሲያጥብ ይውላል። ከቤትና ከሥራ ውጭ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ወደ ጓደኛችን ጋራዥ ይዤው መሄድ ጀመርኩ። እዚያ ኮምፒውተሮች በገመድ አያይዘን የተኩስ ጌም እንጫወታለን። ይዤው ስሄድ ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለካ ልጁ ጌም ቤት ነው ያደገው። በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ በአንድ እየለቀመ ጣለን። ልጆቹ በደስታ፣ "ይሄን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ፤ አንጀቴ ግን ያራል። ከጎረቤት ከተማ ከቶርንተን ልጆች ጋር ልንገጥም ቀጠሮ ይዘናል፣ የሚሰለፈው አምስት ሰው ነው፣ አምስተኛው ደግሞ እስከዚያ ድረስ እኔ ነበርኩ። የጋራዡ ባለቤት፣ "ቅዳሜ ሁለታችሁ ተጋጠሙ፤ ያሸነፈ ይገባል" ብሎ ፈረደ።

የዘመዴን አሠራር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጌሙ ግራና ቀኙን ምን ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ የሚወስን ቁጥር አለ፤ እሱ መጀመሪያ በመጣ ቀን ዘጠና አድርጎት ከዚያ በኋላ አልነካውም። ማውሶቹ ግን ስለሚቀያየሩ በየሳምንቱ ፍጥነታቸውን ይለካል። ማስመሪያ አጠገቡ ያስቀምጥና ማውሱን ይጎትታል። በጌሙ ውስጥ ሙሉ ዙር ዞሮ ወደጀመረበት በር እስኪመለስ አርባ ሴንቲ መሆን አለበት። አንድ ሴንቲ ከበለጠ ወይም ካነሰ ያስተካክላል። "እጅ የለመደውን ካላገኘ ሞኝ ነው" ይላል።

የግጥሚያችን ቅዳሜ ስንደርስ የጓደኛችን እናት በር ላይ ነበሩ። ዘመዴ ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው አይደለም። ጤናቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ አገር ቤት የቀሩ እህታቸውን ሳይቀር ይጠይቃል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲጠይቅ እኔ ወደ ጋራዡ ገብቼ እሱ በሚጫወትበት ኮምፒውተር ላይ ዘጠናውን ሰባ አምስት አደረግኩት። ይህ ሲሆን ሁሉም ነገር ቀረብ ብሎ ይታያል፤ እጅ የለመደው ርቀት ይዛባል። ማስመሪያው ግን ያው አርባ ነው የሚለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አልኩ በሆዴ።

ገብቶ ለካ። አርባ ሆነለት። ከዚያ መሳት ጀመረ። እጁ ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ እስኪመልሰው እኔ ተኩሼ ጥየዋለሁ። "ምነው፣ እጅህን ኤርፖርት ረሳኸው እንዴ?" አሉት ልጆቹ። ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና ፈገግ ብሎ ቀጠለ። ሲያልቅ ተነስቶ ጨበጠኝ፤ "እጅህ ጥሩ ነው" አለኝ።

ወደ ቤት በመኪናዬ ስንመለስ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ። አላስችል አለኝ።

"ስማ" አልኩት፣ "ቅድም ሴቲንጉን..."

"አውቃለሁ" አለ። "ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ያወቅኩት። ጌሙ ውስጥ በሩ ጋ ስቆም መስኮቱ በጎን መታየት ነበረበት። አልታየም።"

"ታዲያ ለምን ፊክስ አላደረግከውም?"

"ማን ነካው ሊባል ነዋ! ቀድመህ የገባኸው አንተ ነህ። ልጆቹ ፊት አንተን አሳፍሬ፣ ማታ አክስቴ ቤት በምን ዓይኔ እገባለሁ?"

ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! "ተቆጣኝ እንጂ" አልኩት። "ኧረ ተወው፣ ጌም አይደል እንዴ" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ አልነገርኳቸውም። ቶርንተን ሄጄ የተሰለፍኩትም እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የዚያኑ ዕለት እራት ነው። እናቴ ትሪውን አቅርባ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ እንደ ልማዴ መጉረስ ጀመርኩ። እሱ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። እናቴ ተመልሳ፣ "ብላ እንጂ የኔ ልጅ" ስትለው ነው እጁን የዘረጋው። አራት ወር ሙሉ አንድ ትሪ ላይ ስንበላ፣ ብላ እስኪባል እንደሚጠብቅ አንድም ቀን አላየሁም ነበር።