የመዳቡ ጫፍ

አጎቴ ኬብል ቀጣይ ነው። መሬት ውስጥ የተቆረጠ ከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብል ሲቀጥል ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል፤ ግማሹን በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው ያሳለፈው። ባልደረቦቹ «ግማሽ በግማሽ» ይሉታል። የመዳብ ቴፕ ሲጠቀለል እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ዙር ግማሽ መሸፈን አለበት፤ ይህን ሳይነግረው ያለፈው የሥራ ባልደረባ የለም።

ቴፑ እጅግ ከቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተሸመነ ነው። እንደ ሹራብ ይለጠጣል፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ማዶውን ያሳያል። በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል አንድ ሰፈር ያበራል፣ ወፍጮ ያዞራል፣ ሰውን በዓይን ጥቅሻ ከሰል ያደርጋል። ይህን ሁሉ አደብ የሚያስይዘው ያ ስስ ጨርቅ መሆኑ እስካሁን ይደንቀኛል። ኃይሉ ከመሃል ወደ ውጭ ይገፋል፤ መዳቡ ግፊቱን ዙሪያውን እኩል ያደርገዋል። የቴፑ የተቆረጠ ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ፀጉር የምታህል አንዲት ሽቦ ከሥሩ ያለውን መከላከያ ጎማ ከወጋች ግን፣ ሰው በጠባብ በር እንደሚጋፋ ግፊቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። በዕለቱ ምንም አይሆንም፤ ፍተሻውንም ያልፋል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ይፈነዳል። ስለዚህ አጎቴ የመጨረሻውን ጫፍ ወደ ውጭ ያጥፍና በአውራ ጣቱ ዳብሶ ያረጋግጣል።

አውራ ጣቱ ግን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

መጀመሪያ ሌሎቹ ጣቶቹ ነበሩ የደነዘዙት። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለው። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት «ረፍዶብሃል» እያለች የሸሚዙን ቁልፍ ትቆልፍለት ጀመር፤ እሱም የረፈደበት ይመስል ዝም ብሎ ይቆምላታል። መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያዛውረዋል። ለጡረታ አሥራ አራት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ ድረስ ቀጣይ ሆኖ መቆየት ፈለገ፣ ሌላ ምንም አልፈለገም። እጁ የተወውን በዓይኑ ይሠራ ጀመር፤ እያንዳንዱን ጫፍ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ማታ ቤት ሲገባ ዓይኑ እንደ በርበሬ ይቀላል።

በክረምቱ አንድ ቀን ቆፋሪ ማሽን ኬብል በጠሰ። ሰፈሩ ሁለት ቀን ጨለመ። አጎቴና ጢሞ የሚሉት ባልደረባው ጉድጓዱ ላይ ሸራ ወጥረው ገቡ። ከሦስቱ መስመሮች ሁለቱን ቀጥለው ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። አፋፉ ላይ ሰው ቆሟል።

«ዶክተር፣ በሽተኛው ይድናል?» አለ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ። «አንድ ደንበኛዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። ሚስቱ እየፈለገችኝ ነው።»

«ግማሽ በግማሽ ነዋ!» አለ ጢሞ፣ ሳይነሳ።

«ጋሼ፣ ስንት ቀረዎት?» ብሎ ሥራውን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር ከላይ ተጣራ። አጎቴ የመዳቡን ጫፍ እያጠፈ ቀና ብሎ «ጥቂት» አለ። አጎንብሶም ጥቁሩን የላይ ሽፋን ቴፕ ሁለት ዙር አዞረና እጁ ቆመ።

«ምን ሆንክ ጋሼ?» አለ ጢሞ።

«የመዳቡን ጫፍ ወዴት እንዳጠፍኩት አላየሁም።»

«ወደ ውጭ ነዋ። መቼ ወደ ውስጥ አጥፈህ ታውቃለህ? እጅህ ያውቀዋል።»

«እጄ ማወቅ ካቆመ ቆየ።»

ጢሞ ፊቱን አየው፤ ከዚያ ጣቶቹን። ብዙ ነገር የገባው ይመስላል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም አይነቅዝም፣ ጋሼ። ሸፍነው። አሥራ አራት ወር ምን አላት?»

«ዝም አይነቅዝም። ጎማው ግን ይነቅዛል» አለና ወደ ላይ ተጣራ። «ኢንጂነር፣ ይሄ መከፈት አለበት።»

ኢንጂነሩ በአንድ እጁ ስልክ እንደያዘ ወረደ። «ጋሼ፣ ሰው እየተሳደበ ነው። ስንሞክረው እናየው የለ?»

«ሙከራ ላይ አይታይም። ጣቶቼ ከደነዘዙ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዓይኔ ነበር የምሠራው፤ ይሄኛውን አላየሁትም።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አሁንም ይናገራል። ኢንጂነሩ ዘጋው። «ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ?»

«እስከ ዛሬ አምልጦኝ አያውቅማ።»

«እሺ። ቢላዋውን ለጢሞ ይስጡት።»

አጎቴ ቢላዋውን ሰጠ። ዝናቡ ሸራውን መምታት ሲጀምር ጢሞ ጎማውን እንዳይነካ ትንፋሹን ውጦ ጥቁሩን ሽፋን ገለጠ። መዳቡ ብቅ አለ። ጫፉ ወደ ውጭ ታጥፏል፤ ዝርግ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዲት ሽቦ እንኳ ያላፈነገጠችበት።

«ይኸው» አለ ጢሞ። «እኔ እንዲህ አላጥፍም። ምን ነበረ ዝም ብትል?»

አጎቴ አልተደሰተም፣ አላዘነምም። ደክሞት ነበር፤ በኋላ ስጠይቀውም የነገረኝ ይህንኑ ነው። ጢሞ ሽፋኑን እንደገና ሲያዞር ጉድጓዱ ጥግ ተቀምጦ አየ። ከዚያ በባልደረባው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። የኢንጂነሩ መኪና ውስጥ ገብቶ ከጉልበቱ በታች ጭቃ የሆነውን ሱሪውን ሰበሰበ።

«ልክ ነበሩ እኮ፣ ጋሼ» አለ ኢንጂነሩ። ያፈረ ይመስላል። «የዝውውር ደብዳቤውን ግን መጻፌ አይቀርም።»

«ጻፈው። የዛሬውን ከፍተን አየነው። የሁለቱን ዓመትስ?»

«የሁለቱን ዓመት ምን?»

«በእነዚህ ጣቶች የቀጠልኳቸውን። ዓይኔ አይቷቸዋል፤ ዛሬ ግን ዓይኔም እንደሚሳሳት አወቅሁ።»

«ሁሉንም ልንከፍት ነው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የት እንዳሉ ልንገርህ።»

ኢንጂነሩ ደብተር ፈልጎ አወጣ። አጎቴ ራሱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ክሊኒኩ በር ላይ፣ ከግንቡ ሁለት ሜትር ወጣ ብሎ፣ መሃለኛው መስመር» አለ። «ዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከቱቦው በላይ፣ ሦስቱም።» የሚቀጥለውን ያስታውስና በዚያው በደከመ ድምፅ ይቀጥላል። ሰፈሩ ውስጥ መብራት ሲመጣ ሰው ጮኸ፤ እሱ ዓይኑን አልገለጠም። ጢሞ ዕቃውን ሰብስቦ የመኪናውን መስኮት ሲያንኳኳ፣ አሥራ ዘጠነኛው ቦታ ላይ ደርሰው ነበር።