ሜብል በአደራ የከረመችበት ቤት

አርሊን ካንጋስ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስተኛ ሆና ስትሠራ የከተማውን ውሾች ከባለቤቶቻቸው ይልቅ ታውቃቸው ነበር። ሰዎቹ ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው፤ ውሾቹ ግን ቤት ይውላሉ። የትኛው በመስኮት እንደሚጮህ፣ የትኛው ድምፁን አጥፍቶ ከአጥር ጥግ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ደግሞ ጩኸቱ ለስሙ ያህል ብቻ እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ደብዳቤውን ሳጥኑ ውስጥ ከታ ዞር ካለች በኋላ እነዚህ ፍጥረታት በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ? ከሰሜን አሜሪካው የሱፒሪየር ሐይቅ የሚነሣው ንፋስ ፊቷን እየገረፋት ከበር በር ስትመላለስ ይኼ ጥያቄ የሥራ ዘመኗን ሙሉ ሲያብሰለስላት ኖረ።

በረዶ መጣል ሊጀምር ሲል ጡረታ ወጣች፤ በሳምንቱም ከውሾች መጠለያ አንድ ውሻ በማደጎ ወሰደች። ኦቲስ ይባላል። ቡናማ ነው፤ አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ወድቋል፤ አርባ ውሾች ታጉረው ከተገኙበት ጎተራ የወጣ ነው። አርሊን አሁን ገና የልቧ ሊደርስ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ቁጭ ብላ ልታይ ነው።

ኦቲስ ግን ምንም አልሠራም። በገባበት ቀን ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ተሸጉጦ እዚያው ቀረ። የሚበላው አርሊን ሌላ ክፍል ስትገባ ነው። ለመጸዳዳት እንኳ የሚወጣው እሷ የጓሮውን በር ከፍታ ከዓይኑ ስትሰወር ነው፤ ጉዳዩን ጨርሶ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ ወደ ጎሬው ይመለሳል። እንዲህ እንዳለ ሰባት ሳምንት አለፈ። ያን ሁሉ ጊዜ አርሊን ከውሻዋ ያየችው ጅራቱን ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ውሻ አለሽ ወይስ ትቀልጂብናለሽ?» አላት አንድ ቀን ኤልመር፣ የበረዶ አካፋውን ተደግፎ። ኤልመር ከመንገዱ ማዶ የሚኖር የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ጎረቤት ካልነካካ ቁርሱ አይፈጭለትም።

«አለኝ።»

«ምን ዓይነት ነው?»

«እኔም አላየሁትም።»

ጥር ላይ ትሩዲ ደወለች። ትሩዲ መጠለያው ውስጥ የአደራ ውሾችን ለየቤቱ የምታከፋፍል፣ አፏ ፈጣን፣ እንቢታ የማይበግራት ሴት ናት። ከደቡብ ግዛቶች ጭነት ሙሉ ውሻ በመጣ ቁጥር መጠለያው ይጨናነቃል፤ ያን ጊዜ ቋሚ ቤት እስኪገኝላቸው ድረስ ፈቃደኛ ሰዎች በአደራ ይወስዷቸዋል።

«አርሊን፣ አንዲት ውሻ ብቻ። ለሁለት ሳምንት።»

«እኔ ቤት ያለው ራሱ ገና ከግድግዳው አልተላቀቀም እኮ።»

«ለዚያ እኮ ነው የደወልኩልሽ። አንዳንዱ ውሻ ከሰው የማይማረውን ከውሻ ይማራል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል።»

«ኦቲስ የትኛው ነው?»

«እኔስ በምን አውቄ?»

አርሊንን ያሸነፋት ይኼ የመጨረሻው መልስ ነው። ትሩዲ እርግጠኛ ሆና ብትናገር ኖሮ እምቢ ትል ነበር፤ ማንም የማያውቀው ነገር አለ ሲባል ግን መቀመጥ አትችልም።

ሜብል ጆሮዋ እስከ መንጋጋዋ የተንጠለጠለ፣ ስልሳ ፓውንድ፣ ሃያ ሰባት ኪሎ ገደማ፣ የምትመዝን አዳኝ ውሻ ናት። ሁለት ውሾች መጀመሪያ ቤት ውስጥ አይገናኙም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ትሩዲ በሆዷ ተስባ ኦቲስን ከማሽኑ ጀርባ አወጣችው፤ አርሊን ሜብልን ያዘች፤ መንገዱን በሁለት ዳርና ዳር ይዘው፣ ፊት ለፊት ሳያፋጥጧቸው፣ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። ኦቲስ ሆዱ በረዶውን እስኪነካ ዝቅ ብሎ ይጎተታል። ሜብል ከቁብም አልቆጠረችው። በሁለተኛው ዙር ኦቲስ አፍንጫውን ቀና አደረገ። በሦስተኛው ዙር መንገዱን ተሻግሮ ከኋላዋ ገባና እግሩን ሜብል በረገጠችበት ጉድጓድ ብቻ እያስገባ ይከተላት ጀመር። አርሊን ይህን አይታ ከትሩዲ ጋር የጀመረችውን ወሬ ረሳችው።

ቤት ሲገቡ ኦቲስ ወደ ማሽኑ ጀርባ ተመለሰ። ሜብል ክፍሉን ሁሉ አንድ በአንድ አሽትታ ስታበቃ ከጠረጴዛው ላይ የአርሊንን ጓንት አንሥታ ሳሎን ወስዳ ተኛችበት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ማሽኑ ሄዳ አንገቷን ከጀርባው አስገባች። አላጉረመረመችም፣ አልጮኸችም፤ አጠገቡ ዘርፈጥ ብላ ተኛች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ አደረገች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ስትሄድ ኦቲስ ተከተላት። አርሊን ቡናዋን አፏ ውስጥ ይዛ መዋጥ ፈራች።

ከዚያ በኋላ ደብተር አወጣች። ውሻ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያደርገው ይኼ ነው ብላ ጻፈች፦ ይተኛል፣ ያዳምጣል፣ ቦታ ቀይሮ እንደገና ይተኛል። ሃያ ስምንት ዓመት የተብሰለሰለችበት ምሥጢር ይኼ ከሆነ እጅግ ቀላል ነበር። አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ገረማት። ኦቲስ ምግብ ሲቀርብለት አስቀድሞ ሜብልን ያያል፤ ቀጥሎ አርሊንን፤ እንደገና ሜብልን። «ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። ሜብል ምንም አትመልስለትም፤ ትበላለች። እሱም ይበላል። በዚያ ሳምንት ኦቲስ አርሊን እያየችው በላ፣ አርሊን እያየችው ወጣ፣ በቆመችበትም አልፏት ገባ፤ ከሜብል ጅራት ግን አንድ ክንድ አይርቅም።

ያን ሰሞን ትሩዲ «ስለ ሜብል አምስት መስመር ጻፊልኝ፤ ድረ ገጻችን ላይ ከፎቶዋ ሥር የሚወጣ» አለቻት። አርሊን ጽፋ ላከች።

ማንም አልጠየቀም። ሁለት ሳምንቱ አራት ሆነ። ከሜብል ጋር አንድ መኪና ላይ የመጡት ውሾች በሙሉ፣ ሦስት እግር ያለው ሳይቀር፣ ቤት አገኙ። በመጨረሻ ትሩዲ ራሷ መጣችና ኩሽና ውስጥ ቆማ ከስልኳ ላይ ማንበብ ጀመረች።

«ሴት። ስልሳ ፓውንድ። ከበሩ በስተግራ ታደባለች። ጓንት ትነጥቃለች። ጀርባ እንዳትሰጧት። በረዶ ላይ ከሆናችሁ ገመዷን አትያዙ።» ቀና አለች። «አርሊን፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ስለ ውሻዋ ነዋ። አንድም ውሸት የለበትም።»

«ውሸት መቼ አልኩ? ይኼን ያነበበ ሰው ውሻ ሊወስድ ነው ወይስ ፖሊስ ሊጠራ?»

አርሊን ጽሑፏን ተቀብላ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አነበበችውና ደነገጠች። ፖስተኞች ውሻ ያለበትን ቤት በካርድ ጽፈው ደብዳቤ በሚለዩበት መደርደሪያ ላይ ይሰካሉ፤ እነሱ የቀሩ ቀን የሚተካቸው ሰው እንዳይነከስ ነው። በካርዱ ላይ የሚጻፈው ክፉ ክፉው ብቻ ነው። ደህና ውሻ ካርድ የለውም። አርሊን ሌላ ሰው እንዲያነበው ብላ ስለ ውሻ በሕይወቷ የጻፈችው እንደዚያ ብቻ ስለሆነ ሌላ አጻጻፍ መኖሩ ትዝም አላላትም።

ትሩዲ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሆን ብለሽ አይደለም አይደል?»

«አይመስለኝም» አለች አርሊን። እውነቷን ነው፤ አይመስላትም፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

«እንድትቀርልሽ ከፈለግሽ ንገሪኝ። በአደራ ያቆየ ሰው ቅድሚያ አለው። ፈርመሽ ትወስጃታለሽ፤ ስንቱ እንደዚያ አድርጓል። ካልፈለግሽ ደግሞ ሰው የሚያነበው ነገር ጻፊልኝ። እስከ ዓርብ አስቢበት።»

አርሊን ሦስት ቀን አሰበችበት። ሌላ ሰው ቢሆን ውሻዋን እወዳታለሁ ብሎ ይፈርምና ይገላገላል። አርሊን ግን የራሷን ልብ፣ ሰው ቤት በር ላይ እንደቆመ ፖስተኛ፣ ከውጭ ታየው ጀመር። ሜብል በየቀኑ ጓሮ ወጥታ ከአጥሩ ሥር ትቆማለች፤ ፊቷን ወደ ጫካው አዙራ፣ አፍንጫዋ እየተንቀጠቀጠ። ግቢው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አርሊን ገመዷን ይዛ ስታወጣት ሜብል ሁለቴ ግግር በረዶ ላይ ጥላታለች፤ አርሊን ያላት አንድ ደህና ጉልበት ነው። ሜብል እዚህ ቤት አልከፋትም፤ ግን ቤቴ ብላ አልተቀመጠችም፣ መውጣት እየጠበቀች ነው። ታዲያ ብትቀር ለማን ብላ ነው የምትቀረው? ለኦቲስ። ደግሞም፣ ይኼን ለራሷ ስትናገር አፈረች፣ ለአርሊን። ሜብል ከሄደች ኦቲስ ወደ ማሽኑ ጀርባ ይመለስ ይሆናል፤ እሷም እንደገና ከጅራት ጋር ልትኖር ነው። ይኼን ፈራች። ጫካ የምትመኝን ውሻ ለራስ ፍርሃት ሲሉ ማሰር ደግሞ አስቀየማት።

ሐሙስ ከሰዓት ኩሽና ቁጭ ብላ ጻፈች። ውሻ ማመስገን እንዲህ ከባድ እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ፈጀባት።

«ሜብል መሮጥ ትወዳለች፤ እኔ መሮጥ አልችልም። ጓንት የምትነጥቀው እንውጣ ለማለት ነው። የፈራ ውሻ ካለ አታጣድፈውም፤ አጠገቡ ተኝታ ትጠብቀዋለች። እኔ ቤት ያለውን ውሻ እንደዚያ አድርጋ ከተደበቀበት አውጥታዋለች። እዚህ ሥራዋን ጨርሳለች።»

የመጨረሻዋ መስመር እውነት ትሁን አትሁን አታውቅም። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ያላረጋገጠችውን ነገር ስለ ውሻ ጽፋ አታውቅም ነበር። ቢሆንም ላከችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዌይን የሚባል ሰው ከትሩዲ ጋር መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ክረምቱን በበረዶ ጫማ ሲዞር የሚውል፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው።

«የመጀመሪያውንም ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ» አላት።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልመጣህም?»

«ፈራኋ።»

ገመዱን ሰጠችው። ሜብል ጎተተች፤ ዌይን ወደ ኋላ ተደግፎ ሳቀ፣ ግን አልወደቀም። እስከ መንገዱ ጫፍ ሮጠው ተመለሱ። ሲመለሱ አንዱ ጓንቱ በሜብል አፍ ውስጥ ነበር። አርሊን ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም ብላ አሰበች። የማደጎው ወረቀት በዌይን መኪና ላይ ተፈረመ፤ ሜብል ተወርውራ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ዞር ብላ እንኳ አላየችም። አርሊን ትንሽ ተቀየመቻት።

ኦቲስ ይህን ሁሉ በግቢው በር ሽቦ መሐል ሲያይ ነበር። መኪናው ሲርቅ በሩ ሥር ያለውን በረዶ አሸተተ፤ ቀጥሎ ዝም ብሎ ቆመ።

አርሊን ልትጠራው አፏን ስትከፍት ትሩዲ ክንዷን ያዘቻት። «አትጥሪው። የመጣ እንደሆነ በራሱ ይምጣ።» ይኼን ብላ ቀስ ብላ ወጥታ ሄደች።

እንደ ድሮው በሩን ከፍቶ መደበቅ ይቻል ነበር። ያኔ ኦቲስ ግድግዳውን ታኮ ወደ ማሽኑ ጀርባ ይገባል፤ ይኼን አርሊን ታውቃለች። የማታውቀው ሳትደበቅ ቢያያት ምን እንደሚያደርግ ነው። ከብርዱ የተነሣ በዚያ ከተማ ልጅ አፉን የሚፈታው «በሩን ዝጋ» እየተባለ ነው። እሷ የቤቷን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ካፖርቷን እንደለበሰች ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። እግሯ ደነዘዘ።

«አርሊን፣ በርሽ ክፍት ነው» አለ ኤልመር ከማዶ። «መንደሩን በሙሉ ልታሞቂልን ነው?»

«ተወኝ ኤልመር።»

«ምን ሆነሻል?»

«ውሻዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ኤልመር የግቢውን በር አየ። የሚመልሰው ቀልድ ነበረው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ግን ተወው፤ አካፋው ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ኦቲስ ዞረ። ሜብል ትቆም የነበረበትን ቦታ አየ፤ ቀጥሎ አርሊንን አየ። የሚጠይቀው ሌላ ውሻ ስላልነበረ እሷን ራሷን ረጅም ጊዜ አያት። ሦስት እርምጃ መጣና ቆመ። እንደገና መጣ። በሩ ጠባብ ነው፤ ሳይነካት ማለፍ አይችልም። እጅጌዋን አሸተተ፣ እግሯን ተሻግሮ ገባ።

አርሊን ዞራ አላየችም። ጆሮዋን ቀስራ የጥፍሩን ድምፅ ወለሉ ላይ ተከተለችው። ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደ። እዚያ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። በቃ፣ ይኸው ነው አለች በልቧ።

ከዚያ ጥፍሩ ተመለሰ። ኦቲስ መጥቶ ደፉ ላይ ከጎኗ ተኛ፤ ጀርባው ካፖርቷን እስኪነካ ተጠጋ፤ እሱም እንደ እሷ ወደ መንገዱ ያይ ጀመር። አርሊን አልዳሰሰችውም፤ እንባዋ ግን መጣ።

«ሄዳለች» አለችው። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ኦቲስ ከጎኗ አልተነሣም።