የሰገደው ውሻ

ሞጣ የከብት ሐኪም ነበርኩ። «ሐኪም» ያሉኝ ገበሬዎቹ ናቸው፤ እኔ የተማርኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሥራዬም መርፌ ይዤ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ለበሬና ለላም «ደስታ» የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ክትባት መስጠት ነበር። እንኳን ለውሻ ለሰውም ሐኪም በማይገኝበት ዘመን ስለ ውሻ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

እናቴ ግን ቢቸና ተቀምጣ «ልጄ እንስሳ የተባለን ሁሉ ያድናል» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀራት አንድ ያረጀ ቡናማ ውሻ ብቻ ነው። ቀን ሙሉ የምታወራው ከእሱ ጋር ነበር። በዐቢይ ጾም መጨረሻ «ውሻው ሊሞትብኝ ነውና ድረስልኝ» ብላ በነጋዴ ላከችብኝ። በበቅሎ በግንደወይን በኩል ሁለት ቀን ተጉዤ ደረስኩ። ሰሙነ ሕማማት ስለነበር አልሳመችኝም፤ በእጇ ብቻ ወደ ውሻው ጠቆመችኝ።

ውሻው ከቤቱ ጋር ይጾም ነበር። ማንም አስገድዶት አይደለም፤ ድስቱ ከጾመ ውሻ ምን ይበላል? የሽሮ ጭላጭና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ አንድ ቀን ያስመልሰዋል፣ ሁለት ቀን ደህና ይሆናል። ከስቷል። የዐይኑ ነጭ ቢጫ መስሏል።

«እየው ደግሞ፣ ይሰግዳል» አለችኝ።

ውሻው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ ኋላውን ሽቅብ አንስቶ ቆየ። የእናቴ ዐይን እንባ አቀረረ። «አባትህን እየተከተለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ያየው ነው። በሕማማት ከሰው እኩል ሰገደ» አለች።

ሳቅሁ። ሆዱን የሚያመው ውሻ እንደዚያ እንደሚሆን ተምሬያለሁ፤ ደብተሬ ላይም ጽፌው ነበር። ሆዱን ግን አልዳሰስኩትም። የእናቴን ደስታ ላለማበላሸት ይሁን በስንፍና ዛሬም አላውቅም። «ጾሙ ጎድቶት ነው፤ ለፋሲካ ስብ አብይው፣ ይጠነክራል» አልኳት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ባልጠረጥር የተመነጠረው ግን ውሻው ነው።

በፋሲካ በግ ታረደ። እናቴ ለእኔ ሳታቀርብ ከላቱ ቆርጣ ወደ ውሻው ሄደች። አፍንጫውን አዞረባት። «ሐኪሙ ያዘዘልህ ነው፣ ዋጥ አድርገው» እያለች በእጇ አጎረሰችው። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እመለከታት ነበር። በማግስቱ ሆዱ ተነፋ፣ ድዱ ነጣ፤ ቀትር ላይ ሞተ።

ከአጥሩ ውጭ ወስጄ በሥራ ቢላዬ ከፈትኩት። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ የሐሞት ከረጢት ያጠራቅመዋል፤ ስብ ሲበላ ይጨመቅና ወደ አንጀት ይለቀዋል። የዚህ ውሻ ከረጢት መጨመቁን ካቆመ ወራት ሳይሆነው አልቀረም። ሐሞቱ እዚያው ሰንብቶ ወፍሮ ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ መስሏል፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ በቢላ ይቆረጣል። ከረጢቱ ከመለጠጡ የተነሳ ሳስቶ በአንድ ጎኑ ተተርትሯል፤ የቀረው ሆዱ ውስጥ ፈስሷል። ስቡ ባይመጣም ምናልባት አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም ነበር። ስቡን ግን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ምንም አልተሰማኝም። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ቀበርኩት፣ እጄን በአመድ ታጠብኩ። የሌላ ሰው እጅ የማጥብ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ምን አገኘህበት?»

«ሐሞቱ ነው። ቆይቶበታል።»

«ስቡስ?»

«ስቡ ጎድቶታል። ማዘዝ አልነበረብኝም።»

«ሲሰግድ የነበረውስ?»

«ሆዱን አሞት ነው፣ እማ።»

ራሷን ነቀነቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እጅህን ደግመህ ታጠብ፤ ምሳ ቀርቧል» ብላኝ ገባች። የቀረበውን ሁሉ በላሁ፤ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

ክረምቱ አልፎ ለመስቀል ስመለስ እናቴ ከገበያ አንዲት ጊደር ገዝታ ነበር። ቦርሳዬን አስቀምጬ «እስቲ ልያት» ብዬ ወደ ጋጣው ስነሳ ቀድማኝ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«ደህና ናት። አንተ መንገድ ደክሞሃል፣ አረፍ በል» አለችኝ።

ከኋላዋ ጊደሯ ስታስል ይሰማኛል። እናቴም ትሰማለች። ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለችም።