የአምሳለች ቀሚስና ሦስቱ ስፌቶች

ቢቸና ገበያ ዳር ካሉት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ጨዋታ የሚደምቀው ጋሽ ደሴ ደጃፍ ነው። የሚያሰፋው የሌለውም ሰው ለወሬ ይቀመጣል፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ሚስቱ አምሳለች ከሞተች ወዲህ ግን የምናወራው እኛ ብቻ ነን፤ እሱ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ያዳምጣል። ከጀርባው ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ቀሚስ ተሰቅሏል። ደንበኛ መጥቶ «ይኸ ይሸጣል?» ካለ «ባለቤት አለው» ይላል።

ቀሚሱን የሰፋላት ትንሿን ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሡ ነው። ልጅቷን እያጠባች ሳለ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሞጣ ጥሩ ሐኪም አለ ሲባል ሰምተው በአውቶቡስ ሄዱ። ደሴ ሕፃኗን ታቅፎ ውጭ ቆመ፤ ሴት በምትመረመርበት ክፍል ባል ምን ይሠራል?

«ወተት ቋጥሮ ነው አለኝ» አለችው ስትወጣ።

ከርማ ከሳችና ቀሚሱ ሰፋት። ደሴ በነጭ ክር አጠበበው። ሞጣ ተመለሱ፤ አሁንም ወተት ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጣት። እንደገና ሰፋት፤ በጥቁር ክር አጠበበው። በቡኒ ክር ሲያጠብበው ልጅቷ ጡት ከተወች ቆይታለች፤ ሐኪሙ ግን ያንኑ አለ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሲደርሱ ካንሰሩ ከጡቷ አልፎ ጉበቷ ገብቷል ተባሉ። ደሴ ሦስቱንም ጊዜ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጠውም። ስትድን እፈታዋለሁ ብሎ ወደ ውስጥ ነበር ያጠፈው።

ከሞተች በኋላ በሞጣው ክሊኒክ ላይ ክስ ያስጀመረው የአምሳለች ወንድም ሽታሁን ነው። ክሊኒኩ «እኛ ጋ ስትመጣ የመክሳት ምልክት አልነበረባትም» ሲል መልስ ሰጠ። ሽታሁን ያቆመው ጠበቃ ቀሚሱን ያየ ዕለት ዓይኑ በራ።

«ማስረጃው ይኸ ነው፤ እያንዳንዱ ስፌት ይመሰክራል። ብቻ ክሱ ከነይግባኙ እስኪያልቅ ፍርድ ቤት ይቀመጣል።»

«እስከ መቼ?»

«ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ።»

ደሴ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። ሽታሁን ግን አልተወውም።

«አንተ ሰው፣ የእህቴ እውነት ይበልጥብሃል ወይስ ጨርቅ?»

«ጨርቅ አትበለው። አንገትጌው ገና እሷን እሷን ይላል።»

ችሎቱ ሊደርስ ሲል፣ ሽታሁንም ከእኛ ጋር ደጃፉ ተቀምጦ ሳለ፣ ሐኪሙ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ አባ ወልደ ሰንበትን። ሐኪሙ የሩቅ አገር ልጅ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል ሲሉት፣ ከአከራዩ ሴትዮ ማድ ቤት የወፍጮ መጅ ተውሶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ብቅ አለ።

«ልጄ፣ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ አይደለም ወይ? ሴትዮዋ ዛሬ በምን ሊፈጩ ነው?» አሉት አባ።

ደሴ ፈገግ አለ። «ይኸን አምሳለች ባየች» አለ። ከዚያም ፈገግታው ጠፋ።

«ያውርዱት፣ ዶክተር። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። እኔ ውጭ ነበርሁ። ውስጥ ምን አለችዎት?»

ሐኪሙ መጁን መሬት አስቀመጠ።

«ብዙ ሰው ነው የማየው፣ ጋሽ ደሴ። በመጨረሻ የመጣች ዕለት ግን ከስተሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ‹ምን እከሳለሁ፣ ባሌ ወገቤ እንዲታይለት ቀሚሴን እያጠበበ ነው እንጂ› ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስፌቱን አይቼዋለሁ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ነበር። ያኔውኑ ባሕር ዳር መላክ ነበረብኝ። አልላክኋትም።»

«ወገቤ እንዲታይለት አለች?»

«አዎ።»

«ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች?»

ሐኪሙ ጥቂት አሰበ። «ሸፈነች።»

ሽታሁን ከመቀመጫው ተነሣ። «ይኸን ዳኛው ፊት ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ። ክሊኒኩ ቢያባርረኝም።»

አባ ስለ ዕርቁ ሊጀምሩ ሲሉ ደሴ እጅ ነሣቸው። «አባ፣ እሱ ከችሎቱ በኋላ ይሁንልኝ። ራሴ እመጣለሁ።»

ከዚያ ቀሚሱን ከግድግዳው አውርዶ ምላጭ አነሣ። ሽታሁን «ተው፣ ጠበቃው» ብሎ ጀመረና፣ ዓይኑ ሊመሰክር ቃል የገባው ሐኪም ላይ ሲያርፍ ሳይጨርሰው ተቀመጠ። ቡኒው ክር ተፈታ፣ ከዚያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ነጩ። ወደ ውስጥ ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ አልነካውምና ገና እንደ አዲስ አረንጓዴ ነበር። ደሴ ወገቡን በሁለት እጁ ዘርግቶ ያዘው።

«ይኸ ነበር ልኳ» አለን።