ድንጉላው የወለደ ቀን

ታላቅ ወንድሜ ዳንግላ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ እኔ ደግሞ እንጅባራ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። በዚያ ዓመት የወረዳውን ፈረሶች ከነዘራቸው እየመዘገበ ወደ እንጅባራ እንዲልክ ታዘዘ። የዳንግላ ኔትወርክ ግን መጣ ሲባል ይሄዳል፤ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

«አንቺ የተማርሽው ለመቼ ነው?» አለኝ በስልክ።

ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። መረጃን ወደ ባይት ጠቅልሎ የሚያሳንስ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ እንደነበረ የሚፈታ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ፣ አገኘሁና ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። በአንድ ፈረስ ስሞክረው ሠራ። ወንድሜ የራሱን መዝገብ ሲያስገባ ግን ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ቆይቶ ቀጥ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ፤ ከመናኸሪያው ክሊኒኩ ድረስ በጋሪ ሄድኩ። ወንድሜ የአንድ ዳማ ድንጉላ ሰኮና እያከመ ነበር። ባለቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ልጓሙን ይዘው ፈረሱን በአዊኛ ያባብላሉ።

በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፕሮግራሙ የሚጠቀልለውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት። «ባዝራ፣ ውርንጭላ፣ ባዝራ፣ ውርንጭላ» እያለ ስክሪኑን ሞላው።

ወንድሜ አንገቱን አስግጎ አየና «ይቺ ባዝራ ዛሬ አታቆምም እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ያኔ ገባኝ። የባዝራዋ መረጃ ውስጥ ውርንጭላዋ አለ፤ የውርንጭላው መረጃ ውስጥ ደግሞ እናቱ። ፕሮግራሙ እናቲቱን ጽፎ ሳይጨርስ ልጁን ይጀምራል፤ ልጁን ሳይጨርስ ወደ እናቲቱ ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፈረስ ቁጥር ሰጠሁ፤ አንዴ የተጻፈ ፈረስ እንደገና ሲመጣ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍ አልኩ። አሁን ጥቅሉ በደቂቃ አለቀ። ፈታሁትና ስክሪኑን ለወንድሜ አዞርኩለት።

ከላይ ጀምሮ አነበበ። ከዚያ ጮኸ፦ «ድንጉላው ወልዷል!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «የቱ ድንጉላ?»

«የእርስዎ ነው፣ አባባ። ዳማው።»

ፈረሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ልጄ፣ ውርንጭላውን ማን ወሰደብኝ?»

ፊቴ ቢቀላም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ስህተቱ የኔው ነበር፤ ስጠቀልል ከአንድ ጀምሬ የቆጠርኩትን ስፈታ ከዜሮ ጀመርኩ፤ ውርንጭላው ሁሉ ከእናቱ ተነጥሎ በዝርዝሩ ቀጥሎ ባለው ፈረስ ሥር ገብቷል። አስተካክዬ ደግሜ ፈታሁት። ባዝራይቱ ልጇን አገኘች፤ ድንጉላውም ከወሊድ ነፃ ወጣ። ሽማግሌው ይህን እስካረጋግጥላቸው ቆመው ጠበቁ፤ «እሰይ፣ ለሰርግ የምጋልበው እሱን ነው» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ፋይሉን ስንልከው ኔትወርኩ ሳይቋረጥ አለፈ። እንጅባራ ያለችው ባልደረባዬ ከፍታው ደወለች፤ አንድ በአንድ አነበበችልን፤ ሁሉም በየእናቱ ሥር ነው። ወንድሜ በደስታ ክሊኒኩን ዘግቶ ምሳ ጋበዘኝ። ሽሮው እየፈላ ሲቀርብ ግን እጁን ሳይዘረጋ ቆየ።

«ምነው ጋሼ?»

«ሰኞ በቅሎዎቹን እጀምራለሁ» አለ። «የበቅሎ አባት አህያ ነው። ፕሮግራምሽ አህያ ያውቃል?»

አያውቅም ነበር። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ ላወጣ ስል እጄን ያዘና «ብዪ በመጀመሪያ» አለኝ።