አማት ፊት የማይባል ቃል

ሰው ባሌን ነስሩን «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ሲለው ሳቄ ይመጣል። ጨዋነቱስ እውነት ነው፤ የወሎ ልጅ ነው፣ ለትልቅ ሰው ክፉ አይመልስም። ጓዳ ገብቶ የሚለውን የምሰማው ግን እኔ ነኝ።

ከኤርፖርት ወደ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ደንበኛ ነበሩት፤ እንግሊዝኛ የማይረባ ወሬን የሚጠራባቸውን ቃላት ከነትውልዳቸው ያስተምሩት ነበር። «ባልደርዳሽ» ድሮ የማይስማሙ መጠጦች ድብልቅ ነበር አሉት፤ ቢራ ከወተት ጋር፣ ወይ ጉድ! «በንከም» ደግሞ የአንድ አውራጃ ስም ነው። የአውራጃው ተወካይ ምክር ቤት ገብቶ ሲለፈልፍ በቃህ ቢሉት «ለአገሬ ሰዎች ነው የምናገረው» ብሎ ቀጠለ፤ ስሙ ለልፍለፋ ሁሉ ሆኖ ቀረ። «ሆግዋሽ» ግን ለአሳማ የሚሰጥ የወጥ ቤት እጣቢ መሆኑን የሰማ ቀን፣ ነስሩ ቤት ገብቶ ተጉመጠመጠ። «ይህችን ቃል ሳላውቅ ስንቴ ብያታለሁ፣ አስተግፊሩላህ!» ወላሂ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

አባዬ ከአገር ቤት ባሕር ተሻግሮ፣ እኛ ወደምንኖርበት ስፕሪንግ ቫሊ ሊጠይቀን በመጣ በወሩ ኮሮና ገባና የመመለሻ በረራው ተሰረዘ። ሆቴሉም ተዘጋ። ነስሩ ሺፍት የለው፣ አባዬ መሄጃ የለው፣ ሁለቱ ሳሎን ተፋጠው መዋል ጀመሩ። አባዬ ደግሞ ስልኩ ላይ የመጣለትን ሁሉ ያምናል። «ፌጦ በሎሚ የሚጠጣ ሰው ዘንድ ይህ በሽታ ዝር አይልም» ይላል። ነስሩ አንገቱን ደፍቶ «እሺ አባባ» ይላል። ከዚያ ጓዳ ይመጣና በሹክሹክታ፣ «ባልደርዳሽ!» ፊት ለፊት ንገረው ስለው «አማቴን? አፈር ስሆን!» ይለኛል። እኔ ስናገር ደግሞ አባዬ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብሎ ያሳርፈኛል።

ብርዱ ሲገባ አባዬን ሳል ያዘው። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው፣ ከንፈሩ ጠቆረ።

«ሆስፒታል የገባ አይወጣም፤ በመርፌ ነው የሚጨርሱት» አለ። «ፌጦዬን በጥብጡልኝ።»

አለቀስኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እምቢ! አምቡላንስ ብጠራስ፣ አልሄድም ያለን ሰው በግድ አይወስዱትም። ያ ረቢ፣ አባቴ ዓይኔ እያየ ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ነስሩ ተነሣና ወደ ጓዳ ዞረ። ደሜ ፈላ።

«ዛሬም ጓዳ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ቆመ። ተመልሶ መጥቶ አባዬ ፊት ተንበረከከ። ይህን ግን የተናገረው በአማርኛ ነው፣ አንድ በአንድ።

«አባባ፣ የሚሉት ውሸት ነው። ሁሉም ውሸት ነው። ፌጦው አላዳንዎትም፤ እየሞቱብን ነው። አልበጠብጥልዎትም።»

ያን ያህል ስጎተጉተው የኖርኩት እኔ ራሴ ደነገጥኩ። አባዬ አፍጥጦ አየው። ይረግመዋል ብዬ ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ ድኖ፣ ያን ቀን ለነስሩ የመለሰለትን ለጠየቀው ሁሉ ራሱ እየሳቀ ያወራዋል። ያኔ ግን ትንፋሹን እየለቃቀመ ነበር።

«ነስሩ እምቢ ካለኝማ የእውነት ታምሜያለሁ» አለ። «ጫማዬን አምጡልኝ።»