ምድጃ ያልሠራሁለት የፈረንሳይ ክፍል

ከድሬዳዋ የወጣሁት የንጋቱ የሱብሂ አዛን ሳይሰማ ነው። አባቴ፣ ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ስደቴን ስላልወደደ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ መሰለ። እንዳልተኛ አውቃለሁ።

ድንበሩን በቶጎጫሌ ተሻግሬ ሀርጌሳ ስገባ ከተማው ገና ከጦርነት ፍርስራሽ እየተነሣ ነበር፤ እንደኔ ላለ ግንበኛ ከዚህ የተሻለ አገር የት ይገኛል አልኩ። ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አቦ፣ ማታ ማታ ጃኬት ያስለብሳል! የድሬ ሙቀት ናፈቀኝ፣ ጣፋጩ ሙሸበክም ናፈቀኝ፤ አልዋሽም።

ሥራ ያገኘሁት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የፈረንሳይን ባህልና የቤት አሠራር የሚያሳይ የመማሪያ ክፍል ይሠራ ተብሎ ነበር። ኢንጂነሩ በስደት አዲስ አበባ ያደገ የሀርጌሳ ልጅ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ፕላኑን ሲዘረጋልኝ፣ ነፋስ በሚመጣበት ግድግዳ ላይ መስኮት የለም፤ በቦታው የእሳት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ተስሏል። ማታ ቢበርድም በቀን ክፍል ውስጥ ማን እሳት ይሞቃል ስለው፣ የፈረንሳይ ቤት ያለ ምድጃ አይሆንም አለኝ። መጽሔት ላይ አይቶታል።

«ኢንጂነር፣ ፈረንሳዮች እኛ ከተማ ባቡር ሲያመጡ ለራሳቸውም ቤት ሠርተዋል። ወፍራም ግንብ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ቅስት ያለው ረጅም መስኮት። ምድጃ ግን አንድም አላየሁም።»

«ፓሪስን አይተሃል?»

«አላየሁም። ፓሪሶች ግን ሰፈራችን መጥተው በሙቀት ሲቀቀሉ ኖረዋል።»

በዙሪያችን ያለው ሠራተኛ ሳቀ፤ ኢንጂነሩ አልሳቀም። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው በእሱ ደብዳቤ መሆኑን አስታወሰኝ። ለሦስት ቀን በርበራ ሊሄድ ነው፤ ሲመለስ ምድጃው ተጀምሮ ካላገኘ ደብዳቤ የለም።

ፈራሁ። ግን ግትር ነኝ። እሱ በሌለበት ሦስት ቀን ግድግዳውን ከፍቼ ቅስቱን አቆምኩት። ሲመለስ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች መስኮቱን ሲያደንቁ ደረሰ፤ ሐሳቡ የራሱ መሆኑን ነገራቸው። መስኮቱን አላፈረሰውም። እኔን ግን በዚያው ቀን አሰናበተኝ። በክፍሉ ምረቃ ቀን ዘበኛው ከበር መለሰኝ።

ኮድቡር ሰፈር ካለ ስልክ ቤት፣ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉን ሰምቶ፣ «ፈቃድ ከሌለህ ምን ትሠራለህ? ና፣ ተመለስ» አለኝ።

«አልመጣም አባ። ጥፋት አላጠፋሁም፤ እጄም አለ፤ ሌላ እፈልጋለሁ።»

አባቴ ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

«መስኮቱ ወዴት ያያል?»

«ወደ ምዕራብ» አልኩት። ድሬዳዋም ወደዚያው ናት።